ሬድ ሮክ ካንየንን በእግር፦ ለላስ ቬጋስ ጎረቤቶችና እንግዶች ዝርዝር መመሪያ

ላስ ቬጋስ የሚኖር ሐበሻ ብዙ ነው። ታክሲና ኡበር የሚነዳው፣ ካዚኖ ውስጥ የሚሠራው፣ ምግብ ቤት የከፈተው፣ ሁሉም ወደ ምዕራብ ዞር ሲል ያን ቀይ ተራራ፣ ሬድ ሮክ ካንየንን፣ ያየዋል። ካዚኖዎቹ ከተደረደሩበት ዋና ጎዳና፣ ከስትሪፑ፣ 17 ማይል፣ ማለትም 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሆኖም ቬጋስ ውስጥ ዓመታት ኖረው እግራቸው እዚያ ያልረገጠ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ከዲሲ ወይም ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣም የምናሳየው የስትሪፑን መብራት ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ይህ ልማድ እንዲለወጥ ስለምፈልግ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ። አብዛኞቻችን ደጋ ላይ ያደግን ነን። መራመድ ለእኛ ብርቅ አይደለም። እንጦጦን በእግሩ የወጣ፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይጓዝ የነበረ ሰው፣ "ሁለት ማይል ምን አላት?" ይላል። እውነቱን ነው። ችግሩ በረሃ በርቀት አለመለካቱ ነው። አገር ቤት መንገድ ላይ የጠማው ሰው የሰው ደጅ ቆሞ "ውሃ አጠጡኝ" ይላል። እዚህ ደጅ የለም። ጥላም እንደ ልብ አይገኝም። አየሩ በጣም ደረቅ ስለሆነ ላባችሁ ቆዳችሁ ላይ ሳይታይ ተንኖ ይጠፋል። ስንት ውሃ ከሰውነታችሁ እንደወጣ አታውቁትም። እዚህ አገር በሰላም የሚመለሰው ሰዓቱን ያከበረና ውሃውን የቆጠረ ሰው ነው። ጉልበት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ሰዓቶችና ዓመቶች በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው።

ወሩንና ሰዓቱን መምረጥ

ሬድ ሮክ የሚገኘው ሞሃቪ በረሃ ውስጥ ነው። ላስ ቬጋስ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሰመር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው። ጁላይ 7 ቀን 2024 ከተማዋ ውስጥ 120 ዲግሪ ፋራናይት ተመዝግቧል፤ ወደ 49 ሴንቲግሬድ ማለት ነው። ካንየኑ ከከተማው ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ጥቂት ዲግሪ ይቀንሳል። ነገር ግን ድንጋዩ ራሱ ፀሐይ ሲጠጣ ስለሚውል ከታችም ከላይም ትጠበሳላችሁ።

ጥሩው ጊዜ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ነው። ማርችና ኤፕሪል ላይ ዝናቡ ደህና ከነበረ አበባም ይወጣል። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ግን ምክሬ አጭር ነው፦ ካልቀረ ጎህ ሲቀድ ግቡና ከጠዋቱ 9:00 በፊት ውጡ። ወይም በመኪና ዙሩ፣ ፎቶ አንሱና ተመለሱ። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ድንገተኛ ዝናብና ደራሽ ውሃ አለ። ደራሽ ውሃ ለማምጣት እናንተ ያላችሁበት ቦታ መዝነብ የለበትም። ሩቅ ተራራ ላይ የዘነበው በጠባቡ ሸለቆ ተንደርድሮ ይመጣል። ሰማዩ ጠቁሮ ካያችሁ ከሸለቆና ከደረቅ የወንዝ ወለል ውጡ።

ዊንተር ላይ ችግሩ ቀኑ ማጠሩ ነው። ዲሴምበር ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው 4:30 አካባቢ ሲሆን፣ መንገዱ 5:00 ላይ ይዘጋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ተበልቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ከዚያ "እስቲ ሬድ ሮክ እንሂድ" ሲባል ሰዓቱ አልፏል። እንዲህ ባለው ቀን አጭሩን መንገድ ምረጡ፤ ረጅሙን ለቅዳሜ ጠዋት አቆዩት።

ቦታ ማስያዝና ክፍያ

ሬድ ሮክ ካንየን በ1990 የተከለለ የፌዴራል መሬት ነው። የሚያስተዳድረው የመሬት አስተዳደር ቢሮው ቢኤልኤም ነው። ዋናው መንገድ 13 ማይል የሚሆን ባለ አንድ አቅጣጫ ዙሪያ መንገድ ነው፤ ሁሉም "ሉፕ" ይለዋል። ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ፣ ከጠዋቱ 8:00 እስከ 5:00 ባለው ጊዜ ሉፑ ውስጥ በመኪና ለመግባት አስቀድሞ ሰዓት ማስያዝ ግዴታ ነው። የሚያዘው ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ነው። ማስያዣው 2 ዶላር ሲሆን መግቢያው ደግሞ ለብቻው ለአንድ መኪና 20 ዶላር ነው። ዋጋ ስለሚለዋወጥ ስታስይዙ አረጋግጡ። የፌዴራል ፓርኮች ዓመታዊ ፓስ ካላችሁ መግቢያውን ይሸፍናል፤ ማስያዣውን ግን አይሸፍንም።

ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ ከሳምንት በፊት ያዙ። ከ8:00 በፊት ለሚገባ ሰው ሪዘርቬሽን አያስፈልግም። በሩ የሚከፈተው 6:00 ላይ ነው። እኔ የምመክረው ይህንኑ ነው። ቀዝቃዛ ነው፣ ፓርኪንግ አለ፣ የጠዋቱ ብርሃንም ድንጋዩን እሳት ያስመስለዋል።

መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ መሆኑን አትርሱ። የፈለጋችሁትን ፓርኪንግ ካለፋችሁ ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ሉፑን ጨርሶ ወጥቶ በዋናው መንገድ 159 በኩል እንደገና መግባት ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የት እንደምትቆሙ ወስኑ።

መንገዱን በደካማው ሰው ልክ መምረጥ

ስትመርጡ ከመካከላችሁ ጠንካራውን ሳይሆን ደካማውን አስቡ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት፣ የአምስት ዓመት ልጅ፣ ትናንት ማታ ከአዲስ አበባ የገባ እንግዳ ካለ ልኩ እሱ ነው።

ለአረጋውያንና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች ከሉፑ ውጭ ካሊኮ ቤዚን ውስጥ ሬድ ስፕሪንግ የሚባል ቦታ አለ። ከእንጨት የተሠራ መንገድ በምንጩና በለምለሙ ሣር ዙሪያ ይዞራል። ለልጆች ሎስት ክሪክ ተመራጭ ነው። ከአንድ ማይል ያንሳል፣ በዝናብና በበረዶ ወራት ትንሽ ፏፏቴ ይኖራል፣ በመንገዱም የጥንት ሰዎች በድንጋይ ላይ የሣሉት ይታያል። ሜዳ ለሚመርጥ ከጎብኚዎች ማዕከሉ የሚነሳው ሞኤንኮፒ የሁለት ማይል ዙር ነው። ጥላ ለሚፈልግ አይስ ቦክስ ካንየን አለ፤ ደርሶ መልስ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ግድግዳዎቹ ረጃጅም ስለሆኑ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ትልልቅ ቋጥኝ መዝለልና መውጣት ይጠይቃል።

ለጠንካሮች ተርትልሄድ ፒክ አለ። አምስት ማይል ደርሶ መልስ ሆኖ 600 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ጫፉ 1,927 ሜትር ነው። "ይቺማ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትል የለ?" የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ዝቅ ትላለች። ነገር ግን መንገዱ ልቅ ጠጠር ነው፣ ጥላ የለውም፣ ሲወርዱም ጉልበት ይፈትናል። የመጀመሪያ ጉዟችሁ አይሁን።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ጤነኛ ሰው ካሊኮ ታንክስን እመርጣለሁ። ዝርዝሩን ከታች እሰጣችኋለሁ።

ውሃ፣ ጨውና ምግብ

በቀዝቃዛው ወራት ለአንድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ሲሞቅ እስከ አንድ ሊትር ያዙ። ለግማሽ ቀን ጉዞ በነፍስ ወከፍ ከሁለት ሊትር በታች ይዞ መነሳት አይገባም። ለሙሉ ቀን አንድ ጋሎን፣ ማለትም አራት ሊትር ገደማ ነው። መኪና ውስጥ ደግሞ ሌላ ካርቶን ውሃ ይቀመጥ። የሚጠጣ ውሃ የምታገኙት ጎብኚዎች ማዕከሉ ጋ ነው፤ የእግር መንገዶቹ ላይ የለም። ድንጋዩ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ የእንስሳቱ ነው። አይጠጣም፣ አይታጠቡበትም።

ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ ውሃችሁ ግማሽ ሲደርስ ተመለሱ። የትም ብትሆኑ። ጫፉ ሃምሳ ሜትር ቢቀረውም። ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ለሁሉም ተናገሩ፤ መንገድ ላይ ከተነገረ ክርክር ይሆናል።

ውሃ ብቻውን ግን አይበቃም። በላብ የሚወጣው ጨውም ነው። ብዙ ውሃ ጠጥቶ ጨው ያልወሰደ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀንስና ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ሲብስም ይደናገራል። እዚህ ላይ የአገራችን ስንቅ ከማንኛውም የሱቅ ምግብ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ጨው ያለው ቆሎ ያዙ፤ ሙቀት አያበላሸውም፣ በኪስ ይገባል፣ እየሄዱ ይበላል። ዳቦ ቆሎም እንዲሁ። በሶ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ዱቄቱን በላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዕረፍት ላይ ውሃ ጨምራችሁ፣ ቁንጥጫ ጨውና ጥቂት ስኳር አድርጋችሁ በጥብጡት። ውሃ፣ ጨውና ጉልበት በአንድ ላይ ነው። ጭኮም ይሆናል፤ ቅቤው እንዳይቀልጥ ግን በዊንተር ይሻላል። ክትፎና ቀይ ወጥ ለማታ ይቆዩ። ከባድ ምግብ በልቶ በሙቀት መውጣት ሆድን ይረብሻል።

ስለ ጾም አንድ ነገር ልበል። ዐቢይ ጾም የሚውለው ልክ በዚህ አገር ምርጥ ወራት ውስጥ ነው። ቆሎና በሶ የጾም ስለሆኑ ምግቡ ችግር የለውም። ችግሩ ከሰዓት በኋላ እስከ 3:00 ውሃ ሳይቀምሱ መሄድ ነው። ረመዳን የሚጾም ሰውም እንዲሁ ነው። እባካችሁ ውሃ ሳትቀምሱ በቀን ረጅም መንገድ አትውጡ። ሎስት ክሪክን ወይም ሬድ ስፕሪንግን በጠዋት ዙሩና ቤት ግቡ፤ ትልቁን ጉዞ ከበዓሉ በኋላ አድርጉት።

አልባሳትና ጫማ

ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ልብስ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነጽር፣ ቅባት። ባርኔጣ የማይወዱ እናቶች ነጠላቸውን እንደለመዱት ይከናነቡ፤ ለፀሐይ በጣም ጥሩ ነው። ጫማው ሶሉ ያልተላጠ ስኒከር ከሆነ ለአጫጭሮቹ መንገዶች ይበቃል። ነጠላ ጫማ አይሆንም። በዊንተር ጠዋት ቅዝቃዜው ዜሮ ዲግሪ ሊጠጋ ስለሚችል ጃኬት ደርቡ።

አንድ የማይታሰብ ዕቃ ልጨምር፦ ማበጠሪያ። ቾያ የሚባል እሾሃማ ቁልቋል አለ። ጫፉ ሲነካ ተቆርጦ ይጣበቃል፣ በእጅ ሲነቅሉት ደግሞ እጅን ይይዛል። የማበጠሪያውን ጥርስ ከቆዳውና ከእሾሁ መካከል አስገብቶ ወደ ውጭ ማስፈንጠር ነው መፍትሔው።

ከመነሳት በፊት ማታ

ማታ ሠርታችሁ በቀጥታ አትሂዱ። ቬጋስ ውስጥ የሌሊት ሺፍት የሚሠራው ወገናችን ብዙ ስለሆነ ይህን በአጽንዖት እላለሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሚዛኑንም ፍርዱንም ያጣል፤ ቡና አይተካውም። ተኝታችሁ በዕረፍት ቀናችሁ ውጡ።

ስልካችሁን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፤ ካርታውን አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አዘጋጁ። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ብዙ ቦታ የለም። ከዚያ ለቤተሰብ ወይም ለጓደኛ እንዲህ የሚል መልእክት ላኩ፦ "ካሊኮ ታንክስ እየሄድን ነው። አራት ነን። እስከ ጠዋቱ 11:00 ካልደወልኩ 911 ደውል።" የመንገዱ ስም፣ የሰው ብዛት፣ ሰዓት። ይህች መልእክት አንድ ደቂቃ ትፈጃለች፤ የጠፋን ሰው ለማግኘት ግን ሰዓታት ታድናለች።

የአየር ትንበያውንም እዩ። ከዘነበ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ እጅና እግር የሚያርፍበት ጫፍ ተገንጥሎ ይወድቃል። ከዝናብ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ቀን፣ ብዙ ከዘነበ እስከ ሦስት ቀን ድረስ ድንጋይ ላይ መንጠላጠል አይገባም። ሜዳው ላይ መራመድ ይቻላል።

በአስጎብኚ መሄድ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከሚያውቅ ሰው ጋር መሄድ ትልቅ ጥቅም አለው። ሳውዘርን ኔቫዳ ኮንሰርቫንሲ የተባለው ድርጅት ካንየኑ ውስጥ አስጎብኚ ያለባቸው የእግር ጉዞዎችን ያዘጋጃል። አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ቡድኑ አነስተኛ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል። አስጎብኚው ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ዕፅዋቱ፣ ስለ እንስሳቱ እየቆመ ያስረዳል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ከትምህርት ቤት የማያገኙትን ያገኛሉ። ስትመዘገቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ርቀቱ ስንት ነው? ስንት ሜትር ይወጣል? ድንጋይ በእጅ ይዞ መውጣት አለበት ወይ? ሦስተኛውን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ለእናቶች ወሳኙ እሱ ነው።

እንግሊዝኛ የማይችሉ ወላጆች ካሉ አብሯችሁ የሚተረጉም ልጅ ይመደብ። አስጎብኚውን ቀድማችሁ ብትነግሩት እየቆመ ይጠብቃችኋል።

ካሊኮ ታንክስ፣ ከመኪና እስከ ጫፍ

በሉፑ ሦስተኛው ማቆሚያ ሳንድስቶን ኳሪ ይባላል። እዚያ መኪናችሁን አቁሙ። መጸዳጃ ቤት አለ፤ ተጠቀሙበት፣ ከዚያ በኋላ የለም። ዕቃ መኪና ውስጥ በሚታይ ቦታ አትተዉ።

መንገዱ ሲጀምር ግራና ቀኙ ላይ አራት ማዕዘን ሆነው የተቆረጡ ግዙፍ ድንጋዮች ታያላችሁ። ከ1905 እስከ 1912 እዚህ ድንጋይ ይቆረጥ ነበር። እያንዳንዳቸው ብዙ ቶን ይመዝናሉ፤ ሥራው አትራፊ ስላልሆነ ተዘግቶ ድንጋዮቹ እንደተቀመጡ ቀሩ።

ከዚያ በአሸዋማ ደረቅ ወንዝ ትሄዳላችሁ። ጠጠሩ እግር ስለሚይዝ ቀስ ማለት ነው። ጥቂት እንደሄዳችሁ ወደ ቀኝ የሚያመለክት ምልክት ታገኛላችሁ፤ ብዙ ሰው ወሬ ይዞ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ቀጥ ብላችሁ ከሄዳችሁ ወደ ተርትልሄድ ነው የምትወጡት። ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ ሸለቆው ውስጥ ግቡ። ግራና ቀኙ ቀይ፣ ሮዝና ነጭ ግድግዳ ይሆናል። ገርዓልታን ያየ ሰው እዚህ ሲደርስ ልቡ አገር ቤት ይሄዳል።

ቀለሙ ከየት መጣ ቢባል፣ ይህ ሁሉ ከ180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነፋስ የከመረው የአሸዋ ክምር ነበር። አሸዋው ተጭኖ ድንጋይ ሆነ። ውስጡ ያለው ብረት ሲዝግ ቀላ፤ ውሃ ብረቱን አጥቦ የወሰደበት ቦታ ደግሞ ነጣ። ቀና ብላችሁ ተርትልሄድን ስታዩት ጫፉ ግራጫ ነው። እሱ የኖራ ድንጋይ ሲሆን ዕድሜው ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት ይበልጣል። ትልቁ ትንሹ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ከ65 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የመሬት ቅርፊት ሲገፋፋ አሮጌው ተንሸራቶ በአዲሱ ላይ ወጣ። የሥነ ምድር ሊቃውንት ኪስቶን ትረስት ይሉታል፤ ይህን በዓይን በግልጽ ማየት የሚቻልበት ቦታ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም።

ወደ መሃል ስትደርሱ የድንጋይ ደረጃ ይጀምራል። ሰው የደረደረው ነው፤ ከፍታው ግን እኩል ስላልሆነ ልጆችን ያዙ። ከደረጃው በኋላ ልሙጥ ድንጋይ ላይ ትወጣላችሁ። እዚህ ዱካ አይታይም። የጠፋችሁ ሲመስላችሁ ቁሙና ወደ ኋላ ዞራችሁ የመጣችሁበትን እዩ፤ ስልክ ካላችሁ ፎቶ አንሱት። ስትመለሱ አካባቢው ፍጹም ሌላ ይመስላል።

በመጨረሻ ታንኩ ጋ ትደርሳላችሁ። ድንጋዩ የተቦረቦረበት ትልቅ ጉድጓድ ነው፤ ከዝናብ በኋላ ውሃ ይይዛል፣ በሰመር ይደርቃል። በቀኙ በኩል ትንሽ ወጣ ስትሉ ላስ ቬጋስ በሙሉ ከእግራችሁ በታች ትዘረጋለች፣ የስትሪፑ ሕንፃዎች ሳይቀሩ። ምሳ እዚህ ይበላል። የቆሎ ፍርፋሪና የብርቱካን ልጣጭ ግን ይዛችሁ ተመለሱ፤ በረሃ ላይ ልጣጭ ቶሎ አይበሰብስም።

ደርሶ መልስ 2.2 ማይል፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው፤ ከፍታው 140 ሜትር ገደማ። ለቤተሰብ ከሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል መድቡ። ጫፉ ላይ ብትደርሱም ባትደርሱም፣ የመመለሻ ሰዓት ቀድማችሁ ወስኑና ሲደርስ ዙሩ።

ድንጋይ ላይ መውጣት የሚወዱ ወጣቶች ካሉ ይህን ንገሯቸው፦ መውረድ የማትችለውን አትውጣ። ሲወጡ ዓይን ከፊት ነው፣ እጅም ይይዛል፤ ሲወርዱ እግር የሚያርፍበት አይታይም። እዚህ አካባቢ የነፍስ አድን ቡድን በተደጋጋሚ የሚጠራው ወጥተው መውረድ ላቃታቸው ሰዎች ነው።

ቡድን የምትመሩ ከሆነ

የማኅበር፣ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ወይም የዘመድ ቡድን ይዞ መሄድ በጣም ደስ ይላል። ነገር ግን የእኛን ሰው መምራት የራሱ ዘዴ አለው። ምክንያቱም ይሉኝታ አለብን። "እማማ፣ ደከመዎት እንዴ?" ሲባሉ፣ "ኧረ ምንም አልሆንኩ ልጄ፣ እናንተ ሂዱ" ይላሉ። እግራቸው እየተንቀጠቀጠ። ስለዚህ አትጠይቁ፣ ተመልከቱ። ፊታቸው ቀልቷል? ወሬ አቁመዋል? ውሃቸው አልጎደለም? ውሃው ያልጎደለ ሰው አልጠጣም ማለት ነው።

ዕረፍትንም በጥያቄ አታድርጉት። "እንረፍ ወይ?" ከተባለ ሁሉም "አይ፣ እንቀጥል" ይላል። በየሃያ ደቂቃው መሪው ራሱ ይቁም፣ ይቀመጥ፣ ውሃውን ያውጣ። ያኔ ሁሉም ያለ ኀፍረት ይጠጣል። ቀርፋፋው ሰው ከፊት ይሂድ፤ ከኋላ ከተደረገ ሁልጊዜ ሲሯሯጥ ይውላል፣ ሲደርስም ሌሎቹ አርፈው ይነሳሉ። ከኋላ የሚዘጋ አንድ ጠንካራ ሰው መድቡ፤ ከእሱ በኋላ ማንም አይኑር። ሲነሱ፣ በየመታጠፊያውና ሲመለሱ ቁጠሩ። የሚመለስ ሰው ካለ ብቻውን አይላክ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱትን ከመነሳት በፊት ለብቻ ጠርታችሁ ጠይቁ፤ በሰው ፊት አይናገሩም።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መኮማተር፣ የቀዘቀዘና በላብ የራሰ ቆዳ፦ ይህ የሙቀት ድካም ነው። ጥላ ፈልጉ፣ አስቀምጡት፣ ልብሱን አላሉ፣ አንገቱንና ብብቱን አርጥቡ፣ ጨው ያለው ውሃ በትንሽ በትንሹ ስጡ። ቢሻለውም ጉዞው አብቅቷል።

ንግግሩ ከተምታታ፣ ከተንገዳገደ፣ ራሱን ከሳተ ግን ሕይወቱን የሚያሰጋ የሙቀት ምት ነው። 911 ደውሉ። ያላችሁን ውሃ ሁሉ ሰውነቱ ላይ አፍሱ፣ አራግቡለት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ። ኔትወርክ ከሌለ አንድ ሰው አጠገቡ ይቆይ፣ ሌላው ወደ ከፍታ ወይም ወደ መንገዱ ይሂድ።

ጅራቱን እያንኳኳ የሚያስጠነቅቀው ራትልስኔክ አለ። ድምፁን ከሰማችሁ ቁሙ፣ የት እንዳለ እዩ፣ ቀስ ብላችሁ ራቁ። እጃችሁን ወደማታዩት ስንጥቅ አታስገቡ። ከነከሰ ቁስሉን አትቁረጡ፣ አትምጠጡ፣ በጨርቅ ወይም በገመድ አጥብቃችሁ አትሰሩት። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ የተነከሰውን አካል አታንቀሳቅሱ፣ ሰውየውን አረጋጉና 911 ደውሉ።

የማይነኩ ነገሮች

ዊሎው ስፕሪንግስና ሎስት ክሪክ አካባቢ ያሉት የድንጋይ ሥዕሎችና ቅርጾች የጥንት ነዋሪዎች ሥራ ናቸው። ደቡብ ፓዩት የሚባሉት ሕዝቦች ይህን ምድር ዛሬም የአባቶቻችን ነው ይላሉ። የእጅ ቅባት ሥዕሉን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ በዓይን ብቻ እዩ። ላሊበላ ግድግዳ ላይ ስሙን የሚቦጭር ሰው ብናይ የምንናደደውን ያህል እዚህም እንናደድ። በድንጋዩ ላይ ስም መጻፍ በፌዴራል ሕግ ያስቀጣል።

የበረሃውን ኤሊ ካገኛችሁ አታንሱት። ሲደነግጥ ለወራት ያጠራቀመውን ውሃ ይሸናል፤ በድርቅ ጊዜ ይህ ሊገድለው ይችላል። መንገድ ዳር የሚቆሙት የዱር አህዮችም አሉ። ብዙ ሰው መኪና አቁሞ ካሮት ያበላል። የተከለከለ ነው፤ አህዮቹ መኪና ሲጠብቁ ይገጫሉ። አህያ መነሻዋ አፍሪካ ናት፤ የዱር ዘመዷ ዛሬም አፋር በረሃ ውስጥ ይኖራል። ለልጆቻችሁ ይህን ንገሩልኝ።

ሬድ ሮክን ከለመዳችሁ በኋላ

ቀጣዩ ቫሊ ኦፍ ፋየር ነው። ከቬጋስ ሰሜን ምሥራቅ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በ1935 የተከፈተ የኔቫዳ የመጀመሪያው ስቴት ፓርክ ነው። ቀለሙ ከሬድ ሮክ ይደምቃል፤ ሙቀቱም እንዲሁ። በሰመር ብዙዎቹ የእግር መንገዶች በሙቀት ምክንያት ይዘጋሉ፤ ስለዚህ ከኖቬምበር እስከ ማርች ሂዱ። ፋየር ዌቭ አጭር ነው፤ ጥላ ግን ፈጽሞ የለውም።

ከዚያ በኋላ ዩታ ውስጥ ዛየን አለ፤ ከቬጋስ በመኪና ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ነው። አብዛኛውን ዓመት ዋናው ሸለቆ ውስጥ የሚገባው በፓርኩ አውቶቡስ ነው። መጨረሻው ሰንሰለት ተይዞ የሚወጣውን ገደላማ ጫፍ፣ ኤንጅልስ ላንዲንግን፣ ለመውጣት ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ በዕጣ የሚገኝ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ የሚሄድ ሰው ሰንሰለቱ ከሚጀምርበት በታች ይመለሳል፤ ከፍታ የሚፈራም ሰው እዚያው ቢቀር ይሻላል። ዕጣው ካልደረሳችሁ ሪቨርሳይድ ዎክ አለላችሁ፤ ሜዳ ነው፣ በወንዙ ዳር ነው፣ ሕፃንም አረጋዊም ይሄድበታል። ሰዓት ስትነጋገሩ ግን ዩታ ከኔቫዳ በአንድ ሰዓት እንደምትቀድም አትርሱ፤ ከቬጋስ 5:00 ላይ ብትነሱ ዛየን የምትደርሱት በእነሱ 9:00 አካባቢ ነው።